የሸዋል ስድስተኛው ጾም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ብቻ ይህን ሲተርቱ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ከሐኪም ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። ሐረር ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የምትኖረው ሱመያ ከሐኪሟ የደበቀችው አንድም ነገር አልነበረም። ስኳሯን ሸሽጋ የያዘችው ከአዴ ዘቢባ ነው። አዴ ዘቢባ ማናቸው ካላችሁ የሙባረክ እናት ናቸው። ሙባረክ ማን ነው ካላችሁ ደግሞ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መሀል እጁ ጨርቅ እየገፋ ዐይኑ መንገድ መንገድ የሚያየው ረጅሙ ልጅ ነው። ሱመያን ካወቀ ወዲህ ስፌቱ ቀጥ ብሎለት አያውቅም።

ያወቃት ሸዋ በር ገበያ ነው። እናቷ እዚያ ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ እሷም አብራቸው ትውላለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቲማቲም ሊመርጥ ጎንበስ ሲል፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ሆዷ ላይ መርፌ ስትወጋ አያት። ዐይን ለዐይን ተጋጩ። መደንገጥ የነበረባት እሷ ነበረች፤ የደነገጠው ግን እሱ ሆነ። ሱመያ መርፌዋን ከደነችና ሸሚዙ ላይ የተንጠለጠለውን ክር አይታ፣ "ምነው፣ ልብስ ሰፊ ሆነህ መርፌ አይተህ አታውቅም?" አለችው። ሙባረክ የቲማቲሙን ሒሳብ ከፍሎ ቲማቲሙን ትቶ ሄደ። በማግስቱ ሊወስደው ተመለሰ። በሳልስቱም ተመለሰ፤ ያኔ እንኳ የረሳው ነገር አልነበረም።

ከተቀራረቡ በኋላ ሁሉንም ነገረችው። ከልጅነቷ የጀመራት፣ ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ጨርሶ የማይሠራበት ዓይነት ስኳር ነው። ክኒን አይመልሰውም። መርፌዋ ከቀረ ዕድሜዋ በቀን ነው የሚቆጠረው። ይህን ሁሉ የምትናገረው ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደምታወራ ቀለል አድርጋ ነበር። አንድ ነገር ስትነግረው ብቻ ቆም አለች።

"አንድ ቀን ትንፋሼ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተህ፣ ሳልሮጥም ካለከለኩ፣ ምን ሆንሽ ብለህ አትጠይቀኝ። ይዘኸኝ ሐኪም ቤት ሩጥ።"

"እሺ።"

"ለእናትህ ግን አትናገርም።"

"ለምን?"

"ከዚህ በፊት ከአቦከር ሰፈር ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር። ስኳር እንዳለብኝ ሲሰሙ 'ይቺማ አትወልድልንም' ብለው በዚያው ቀሩ። ሐኪሜ ትወልዳለች ብትልም የሚሰማ አልነበረም። እናቴ ያኔ ያለቀሰችውን ደግማ እንድታለቅስ አልፈልግም። ኒካሕ ከታሰረ በኋላ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

"ብትናገር ግን እኔና አንተ አበቃን።"

ሙባረክ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያን ቀን ወደ ጀጎል ሲመለስ ደስታውም ጭንቀቱም አንድ ላይ ደረቱ ውስጥ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር አዴ ዘቢባን መፍራት ሱመያን አያስነቅፋትም። ጀጎል ውስጥ ትልቅ ቤት ያላቸው፣ ግድግዳቸው በሰበዝ ስፌት የተሸፈነ፣ ሰው ሲገባ የትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥ በዐይናቸው ብቻ የሚያሳዩ ሴት ናቸው። ነደባ የምንለው በቀይ አፈር የተለቀለቀው መደብ ነው፤ ከፍ ያለው የከበረ ሰው መቀመጫ ነው፤ ዝቅ ያለው ደግሞ የሌላው። ልጃቸው የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ መውደዱን ሲነግራቸው እሺም እምቢም አላሉም። "እስኪ ልያት" ብቻ አሉ።

ረመዳን አልቆ ዒድ ቢያልፍም ሐረር ላይ ነገሩ አያልቅም። የሸዋል ስድስት ቀን ጾም አለ፤ ሴቶቹ ናቸው በተለይ የሚያጠብቁት። ከስድስቱ ቀጥሎ ሸዋል ዒድ ይመጣል። ከበሮው ይመታል፣ ወጣቱ ለብሶ ይወጣል፣ የታጨችው ትታያለች፣ ያልታጨችውም ትታጫለች። አዴ ዘቢባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስድስቱን አጓድለው አያውቁም። "ስድስቱን ያልቻለች ቤትም አትችል" የምትል የራሳቸው አባባል አለቻቸው። ሱመያን አስጠርተው ያሏትም ይህንኑ ነው።

"ስድስቱን እኔ ዘንድ እየዋልሽ ጹሚ። ለዒዱ የሚሠራውን አብረን እንሠራለን። ያኔ እንተዋወቃለን።"

"እሺ አዴ" አለች ሱመያ። ሌላ ምን ትበል።

በመጀመሪያው ቀን ሙባረክ በሩ ላይ ጠብቆ፣ "እንዴት ነው የምትጾሚው? ሐኪም ከልክሎሽ የለም እንዴ?" አላት።

"ጠይቄያታለሁ። ስድስት ቀን ምንም አይደል ብላኛለች።"

አየችው፤ ቶሎ ደግሞ ዐይኗን መለሰች። ሙባረክ አመናት። ያመናት ነገሩ እውነት መስሎት ሳይሆን፣ እውነት እንዲሆን ስለፈለገ ነው። ሰው ሲያፈቅር እንዲህ ነው የሚሞኘው።

ሱመያ ሐኪሟን አልጠየቀችም። የራሷን ሒሳብ ነበር የሠራችው። ካልበላሁ መርፌው ስኳሬን አውርዶ ይጥለኛል፣ ስለዚህ ካልበላሁ አልወጋም አለች። ማታ መግሪብ ሲደርስስ? ያኔማ የአዴ ዘቢባ ዘመዶች ነደባውን ሞልተው ተምርና ሾርባ ይቀርባል፤ በዚያ ሁሉ ዐይን መሀል ማን ሆድ ገልጦ መርፌ ይወጋል? ቤቷ ስትመለስም የድካሙ ብዛት፣ የውሸቱ ብዛት። እናቷ "ወጋሽ?" ሲሏት "ወግቻለሁ" ትላለች። ልጃቸው ዋሽታቸው አታውቅምና እናቷም አመኑ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በሁለተኛው ቀን መግሪብ ላይ ሱመያ ውሃ በጆግ ጠጣች። አዴ ዘቢባ ደስ አላቸው። "አጥብቃ የጾመች ልጅ እንዲህ ነው የሚጠማት" ብለው ለዘመዶቻቸው አሳዩአት። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ገረጣ፣ ሙባረክንም ቀና ብላ አላየችውም። እሱ ደግሞ የወንድ ነገር፣ ቤታችን አላማራትም፣ እኔም አላማርኳትም ብሎ አኮረፈ። ሊያናግራት ሲችል ሳያናግራት መሸ። ያን ቀን ስለመታመሟ አንዴም አላሰበም፤ ያሰበው ስለራሱ ኩርፊያ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ዙሁር ሰግዶ ወደ ስፌቱ ሊመለስ ሲል የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጣ። "እናትህ ቶሎ ና ብላሃለች።"

ሲደርስ ሱመያ ዝቅ ያለው ነደባ ላይ ተጋድማለች። ሆዷን ይዛለች፤ አጠገቧ ያስመለሰችበት ሳፋ አለ። አዴ ዘቢባ በብርጭቆ ማር በጥብጠው ያማስላሉ። የአባቱ እህት አክስት ፈቲያ ደግሞ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"ጾሟን አስፈታኋት፤ ፊተኛውን ማር ግን ሆዷ አልያዘውም፣ ያው አስመለሳት" አሉ አዴ ዘቢባ።

"ዘቢባ፣ አትሞኚ" አሉ አክስት ፈቲያ። "ጾም ሰውን እንዲህ አያስመልሰውም። እኔ ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ይህን ነገር አውቀዋለሁ።"

አዴ ዘቢባ ብርጭቆውን አስቀመጡና ልጃቸውን አዩት። በዕድሜው ሙሉ እንዲያ አይተውት አያውቁም። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ሱመያ ዞረ፤ ያ ደግሞ ከዚህኛውም የቀዘቀዘ ነበር።

"እማ፣ እንደሱ አይደለም" አለ ሙባረክ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ምን ይበል? ዝም ካለ ያልነካት ልጅ ስሟ በጀጎል አጥር ለአጥር ይዞራል። ከተናገረ መሐላው ፈረሰ፣ እሷም ከእጁ ሄደች። ጎንበስ ብሎ አያት። ዐይኗ ግማሽ ተከፍቷል። ሐኪም ጋራን በሩጫ የወጣች ይመስል ከሆዷ ድረስ እየሳበች ትተነፍሳለች። ከትንፋሿም ያለፈበት ማንጎ የሚመስል ሽታ መጣ። ያን ጊዜ ሸዋ በር ላይ ያለችው ትዝ አለው። ሱመያም የሚያስበውን አወቀችበት መሰለኝ፤ ጭንቅላቷን በጭንቅ ወዲያና ወዲህ አደረገች። እንዳትናገር ማለቷ ነው።

"ስኳር አለባት" አለ ሙባረክ። "ከልጅነቷ ጀምሮ። የሚያኖራት መርፌ ነው፤ መርፌውን ትታዋለች። ልነግራችሁ አልነበረም፤ ወላሂ ብዬላት ነበር።"

ሱመያ ዐይኗን ጨፈነች። ከጨፈነችው ዐይን አንዲት እንባ ወርዳ ጆሮዋ ሥር ገባች። ሙባረክን ከነገሩ ሁሉ ያቺ እንባ አመመችው።

የጀጎልን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይታከካል። መኪና አይታሰብም። ሙባረክ አዝሏት ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት እጇን እንኳ ይዟት አያውቅም ነበር፤ አሁን ያ ከባድ ትንፋሿ አንገቱ ላይ እየሞቀው ድንጋዩን እየረገጠ ወረደ። አዴ ዘቢባ ጫማቸውን ግራውን ለቀኝ ተጫምተው ይከተሉታል። "ሱመያ፣ ስሚኝ፣ አትተኚ" ይላታል። አልመለሰችለትም። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ እስኪያገኙ ድረስ ያ ትንፋሽ እንዳይቆም እየለመነ ነው የሄደው።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ለተማርያም የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ጣቷን ወግታ ስትለካው ስኳሯ ከመሣሪያው በላይ ሆኖ ቁጥር አልወጣም። ሽንቷም ተመረመረ። ነርሶቹ በግራ እጇ ፈሳሽ፣ በቀኝ እጇ ኢንሱሊን ቀጠሉላት።

"መርፌዋን ከተወች ስንት ቀኗ ነው?" አለች ዶክተሯ።

"ጾማ ነው እኮ" አሉ አዴ ዘቢባ። "ቀኑን ሙሉ ምንም አትቀምስም። ካልበላች ስኳሩ ከየት ይመጣል?"

"እናቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነቷ ደሟ ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም አይችልም። ሲርበው የራሷን ስብ ያነድዳል። ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሟን ይመርዘዋል፤ ማስመለሱም፣ ሆድ ቁርጠቱም፣ ያ ትንፋሽም ከሱ ነው። ብትበላም ባትበላም፣ ብትታመምም፣ መርፌው አይቀርም። መጠኑን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው እንጂ መተው የለም። መጾምን ደግሞ እንደሷ ላለው ሰው አንመክርም።"

"ማር ሰጥቻት ነበር" አሉ አዴ ዘቢባ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"የጣላት ማሩ አይደለም። የቀረው መርፌ ነው።"

"ትድናለች?"

"በጊዜ አምጥታችኋታል። በአንዴ እናውርደው ካልን ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ ደሟን እየመረመርን ቀስ እያልን ነው የምናወርደው። ኢንሻአላህ ትድናለች።"

ለተማርያም የምትባል ሴት ኢንሻአላህ ስትል አዴ ዘቢባ ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። የሱመያ እናት ከሸዋ በር ሽንኩርታቸውን ለጎረቤት ጥለው መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። ሁለቱ እናቶች ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። መግሪብ ሲደርስ ግን የሱመያ እናት ከዘንቢላቸው ውሃ አውጥተው ለአዴ ዘቢባ ሰጡ፤ አዴ ዘቢባም በዚያ ጾማቸውን ፈቱ።

"ለምን ደበቃችሁኝ?" አሉት ልጃቸውን ቆይተው።

"ስትሰሚ ትመልሻታለሽ ብላ ፈርታ ነው።"

አዴ ዘቢባ የሚዋሽ ሰው አይደሉም። አሰብ አደረጉና፣ "እመልሳት ነበር ይሆናል" አሉ። ሙባረክ እናቱን ወደዳቸው፣ ፈራቸውም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

በማግስቱ የሱመያ ትንፋሽ ረጋ፣ ዐይኗ ጠራ። ሙባረክ ሲገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ነገሩ ገብቷቸው ውሃ አመጣለሁ ብለው ወጡ። ውሃው አልጋው ራስጌ ነበረ።

"ወላሂ ብለህልኝ ነበር" አለች ለግድግዳው።

"ብዬ ነበር።"

"እኔና አንተ አበቃን ብዬህም ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

ሙባረክ እዚያው ቆሞ የባርኔጣውን ጠርዝ ሲያሻሽ ቆየ።

"የፈረሰ መሐላ ከፋራ፣ ማስተስረያ አለው" አለ በመጨረሻ። "አሥር ሚስኪን አበላለሁ፣ ይታለፋል። አንቺ ብትሞቺ ግን ከፋራው ምንድን ነው? ማንን ባበላ ነው የምትመለሺው? ጠልታኝ ትኑር ብዬ ነው የተናገርኩት ሱመያ። አሁንም ጠልታኝ ትኑር እላለሁ።"

ሱመያ ዞረች፤ ዐይኗ ቀልቷል።

"ስፌት እንኳ ቀጥ አድርገህ አታውቅ፣ ይሄን ንግግር ከየት አመጣኸው?"

ሊስቅ ሲል አቋረጠችው። "አልጠላሁህም። ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለኝ። ግን ያለ እናትህ ምርቃት አላገባህም። እሳቸውን ዋሽቻቸዋለሁ፤ ስድስቱንም አልቻልኩም። ከአቦከር እንደመጡት ሰዎች እሳቸውም ዝም ብለው ቢቀሩ አልፈርድባቸውም። ብቻ እናቴ ዳግመኛ ቆማ እንድትጠብቅ አታድርግ። የማይሆን ከሆነ ዛሬውኑ ንገረኝ።"

ሙባረክ የእናቱን ሐሳብ አያውቀውም ነበር። ከኮሪደሩ ተነሥተው ወደ ቤት ሲሄዱ አንድም ቃል አልተነፈሱለትም። "ነገ እነግርሻለሁ" ብሎ ወጣ፤ ልቡ እንደተንጠለጠለ ነው ያደረው።

ነጋ። ስድስተኛው ቀን ነው፤ የጾሙ መጨረሻ። ነርሷ ጠዋት ሱመያ ዘንድ መጥታ፣ "ዛሬ ምግብ መጀመር ትችያለሽ። መርፌሽን ትወጊና ትበያለሽ፤ የሚንጠባጠበውን ከዚያ በኋላ ቆይተን ነው የምንነቅለው" አለቻት። እሷ ሳትወጣ አዴ ዘቢባ ፎጣ የለበሰ ሳህን ይዘው ገቡ። አክስት ፈቲያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ከኋላ ይከተላሉ፤ ሙባረክም ከእሳቸው ኋላ ገባ። የሱመያ እናት ከወንበራቸው ተነሡ፤ አዴ ዘቢባ "ቁጭ በይ፣ አንቺ ነሽ የደከምሽው" ብለው መልሰው አስቀመጧቸው።

ፎጣው ሲነሣ ትኩስ ፉልና ዳቦ ነው።

"ብይ" አሉ።

ሱመያ አንገቷን ደፋች። "አዴ፣ እርስዎ ጾመኛ ነዎት። እርስዎ ፊት በቀን መብላት ያሳፍረኛል። ሲሄዱ እበላለሁ።"

"ስሄድ?" አዴ ዘቢባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "መርፌሽ የታለ?"

ሱመያ ከትራሷ ሥር አወጣችው።

"የት ነው የሚወጋው?"

"ሆዴ ላይ።"

"ውጊ። እያየሁሽ ውጊ። ከእንግዲህ ከጆንያ ጀርባ የሚወጋ መርፌ የለም።"

ሱመያ ሙባረክን አየችው፤ እሱ ጣሪያውን አየ። ሁሉንም ነግሯቸዋል ማለት ነው። ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ወጋች። አዴ ዘቢባ ፊታቸውን ሳያዞሩ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ዳቦውን ቆረሱ፣ ፉሉን አጠቀሱ። ሁሉም ሱመያን ሊያጎርሷት መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን "ቢስሚላህ" አሉና ራሳቸው ጎረሱት።

"ዘቢባ" አሉ አክስት ፈቲያ ደንግጠው። "ጾም ነሽ እኮ። ስድስተኛው ነው፤ ይቺው አንዷ ናት የቀረችሽ።"

አዴ ዘቢባ አላምጠው እስኪውጡ አልቸኮሉም።

"የሱና ጾም ነው ፈቲያ፣ ግዴታ አይደለም። ለእንግዳ ሲባል ይፈታል፤ ለልጄ ሲባል እንዴት አይፈታ?"

የሱመያ እናት የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ሙባረክ በዕድሜው እናቱ በሸዋል ጾም ቀን ሲበሉ አይቶ አያውቅም ነበርና መስኮቱ ጋ ሄዶ የማያየውን ውጭ ማየት ጀመረ። አዴ ዘቢባ ሁለተኛውን ቁራሽ አጥቅሰው እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ።

"በይ፣ ብቻዬን አታስበይኝ" አሉ።

ሱመያ አፏን ከፈተች።